የፕሮፌሽናል አይስ ሆኪ ቡድን ስብስቡንና ማንነቱን የሚገነባው እንዴት ነው? ዝርዝር መመሪያ

በ2021-22 የውድድር ዘመን ፍሎሪዳ ፓንተርስ 122 ነጥብ ሰብስቦ የሰሜን አሜሪካውን ብሔራዊ ሆኪ ሊግ፣ በምህጻሩ ኤንኤችኤልን፣ መደበኛ ውድድር በአንደኝነት ጨረሰ። በዚያ ዓመት እንደ እርሱ ብዙ ግብ ያስቆጠረ ቡድን አልነበረም። በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር ግን ከዚያው ግዛት ከመጣው ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ጋር ተገናኝቶ፣ በአራት ጨዋታ ሦስት ግብ ብቻ አግብቶ 4 ለ 0 ተሸኘ። ከሁለት ወር በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢል ዚቶ ያልተጠበቀ ውሳኔ ወሰኑ። በዚያው ዘመን ግብና ለግብ የሚሆን ቅብብል ተደምሮ 115 ነጥብ ያስመዘገበውን ጆናታን ሁበርዶን፣ ከተከላካዩ ማኬንዚ ዊገር፣ ከአንድ ወጣት ተጫዋችና ከአንድ የመጀመሪያ ዙር የድራፍት (ዓመታዊ የታዳጊዎች ምርጫ) ተራ ጋር ለካልጋሪ ፍሌምስ ሰጥተው ማቲው ካቹክን ወሰዱ። አሰልጣኙም ተቀየሩ፤ ፖል ሞሪስ መጡ። ፓንተርስ በ2023 ለፍጻሜ ደረሰ፣ በ2024 እና በ2025 ደግሞ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን አከታትሎ አነሣ።

ከችሎታ አንጻር ካየነው በ2022 የተሸነፈው ቡድን የጎደለው ነገር አልነበረም። የጎደለው እንዴት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የወሰነ ስብስብ ነበር። ይህ መመሪያ አንድ ቡድን ከባዶ ተነሥቶ እንዲህ ያለውን ስብስብ እንዴት እንደሚገነባ በቅደም ተከተል ያስረዳል። የጸሐፊው እምነት የቡድን ማንነት በይበልጥ የሚታወቀው ኮከቦቹ አረፍ ብለው በሚቀመጡባቸው ደቂቃዎች ሜዳ ላይ በሚገኙት ተጫዋቾች ነው የሚል ስለሆነ፣ ሚዛኑ ወደዚያ ማድላቱ አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ አጽሙንና ወሰኑን ማወቅ

አንድ የኤንኤችኤል ቡድን በውድድር ወቅት በዋናው ስብስቡ መያዝ የሚችለው ቢበዛ 23 ተጫዋቾችን ነው። ለአንድ ጨዋታ የሚሰለፉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ናቸው፤ የቀሩት 18 ብዙውን ጊዜ 12 አጥቂዎችና 6 ተከላካዮች ሆነው ይደለደላሉ። አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ሴንተር (የመሐል አጥቂ) እና ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች አሉ። ተከላካዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። በታችኛው ሊግ የሚጫወቱትን ጨምሮ ክለቡ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው የውል ብዛት ከ50 አይበልጥም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ ጨዋታውን የሚወስነው የድካም ጉዳይ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚንሸራተት ሰው እግሩ ቶሎ ስለሚዝል፣ አንድ መስመር ሜዳ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ጨዋታው ሳይቆም ሜዳውን በከበበው ግድግዳ ላይ ተሻግሮ ይወጣና ሌላው ይተካዋል። በዚህ ምክንያት በ60 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ምርጡ አጥቂ በረዶው ላይ የሚገኘው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ ጊዜ ያለ እርሱ ያልፋል።

ሁለተኛው ወሰን ገንዘብ ነው። የ2004-05 ውድድር በባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አበጀ። የመጀመሪያው ጣሪያ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ባለጸጋ ባለቤት ቅጣት ከፍሎ ጣሪያውን ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ለአንዱ ተጫዋች የተጨመረች ዶላር ከሌላው ላይ የተቀነሰች ናት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከተጫዋች በፊት አጨዋወትን መምረጥ

ክለቦች በየዓመቱ መጀመሪያ «ፈጣን፣ ታታሪና በቀላሉ የማይረታ ቡድን እንሠራለን» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል ምንም አይነግረንም፤ ዘገምተኛና ሰነፍ ቡድን እሠራለሁ የሚል ሥራ አስኪያጅ የለምና። ማንነት ሊባል የሚገባው አንዱን ዓይነት ተጫዋች እንድንወስድ፣ ሌላውን ደግሞ ምንም ጎበዝ ቢሆን እንድንተው የሚያስገድደን ውሳኔ ነው።

አንድ ትዕይንት በቅርበት እንመልከት። የክንፍ ተጫዋቻችን ፓኩን፣ ማለትም በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ፣ ይዞ የተቃራኒው ክልል ወደሚጀምርበት ሰማያዊ መስመር ደርሷል፤ ከፊቱ ሁለት ተከላካዮች መንገዱን ዘግተዋል። አንዱ አማራጭ ፓኩን ይዞ ለመሻገር መሞከር ነው፤ ሌላው በተከላካዮቹ ጀርባ ወደ ሜዳው ጥግ መወርወር ነው። ከወረወረው ተከላካዩ ፓኩን ለማንሳት ዞሮ መሮጥ ስላለበት ጀርባውን ይሰጣል። ቀድሞ የሚደርሰው አጥቂያችን ቀጥ ብሎ አይሄድበትም፤ በአንድ ጎን አጥፍቶ ይመጣና ተከላካዩ ፓኩን በሌላው ጎን ብቻ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሁለተኛው አጥቂ ያንን ጎን አስቀድሞ ያውቀዋልና ግድግዳው ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛው ከፍ ብሎ ከግቡ ፊት ለፊት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ያለው ተከላካያችን ወደ ግድግዳው ለመጠጋት ድፍረት ካለው ፓኩ ከዚያ ክልል አይወጣም። ፎርቼክ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለቱ አማራጮች የተለያየ ሰው ይጠይቃሉ። ፓኩን ይዞ መግባት የሚፈልገው ለስላሳ እጅና ፈጣን ውሳኔ በመሆኑ በገበያው ላይ ውድ ነው። ወርውሮ ማሳደድ የሚፈልገው ደግሞ ፈጣን እግርና ግጭትን የማይሸሽ ገላ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ተጫዋች በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን ሦስቱም አጥቂዎች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ከንቱ ነው፤ አንዱ ዘግይቶ ከደረሰ የሁለቱ ሩጫ ባክኖ ይቀራልና።

ኒው ጀርሲ ዴቪልስ ሦስተኛ መንገድ መርጦ ነበር። በአሰልጣኝ ዣክ ሌሜር ዘመን ቡድኑ በመካከለኛው ክልል ወጥመድ ዘርግቶ ተቃራኒውን ወደ ግድግዳው እየገፋ ፓኩን ይነጥቅ ነበር፤ በ1995 በፍጻሜው ዲትሮይት ሬድ ዊንግስን 4 ለ 0 የረታው በዚህ ነው። ተመልካቹ አሰልቺ ነው ብሎ አማረረ፤ እኔም ያንን ጨዋታ ለደስታዬ ብዬ አላየውም። ነገር ግን ዋና ሥራ አስኪያጁ ሉ ላሞሪየሎ በግብ ጠባቂው ማርቲን ብሮዶርና በተከላካዩ ስኮት ስቲቨንስ ዙሪያ ለዚያ አጨዋወት የሚመቹ ሰዎችን ደጋግመው ስለመረጡ፣ ቡድኑ በ2000 በላሪ ሮቢንሰን፣ በ2003 በፓት በርንስ እየተመራ ሁለት ዋንጫ ጨመረ። ሦስት አሰልጣኝ፣ ሦስት ዋንጫ፣ አንድ ባሕርይ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አከርካሪውን ማቆም

አከርካሪ የምንለው ሁለት ሴንተሮችን፣ በጨዋታ ሃያ አምስት ደቂቃ መጫወት የሚችል አንድ ተከላካይንና ግብ ጠባቂን ነው። ሴንተር በጥቃትም በመከላከልም የሜዳውን መሐል ስለሚይዝ ከክንፍ ተጫዋች ይበልጣል፤ እኩል ነጥብ የሚያስመዘግቡ ሴንተርና ክንፍ በዋጋ እኩል አይደሉም።

እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች በነጻ ዝውውር ገበያ እምብዛም አይገኙም፤ የሚገኙት በድራፍት፣ ማለትም 32ቱ ክለቦች በሰባት ዙር ታዳጊዎችን በሚከፋፈሉበት ዓመታዊ ምርጫ ነው። ፒትስበርግ ፔንጉዊንስ በተከታታይ ዓመታት ማርክ-አንድሬ ፍለሪን፣ ኤቭጌኒ ማልኪንን እና ሲድኒ ክሮዝቢን ከመረጠ በኋላ በ2009፣ በ2016 እና በ2017 ዋንጫ ወሰደ። ቺካጎም በ2006 ጆናታን ቴውስን፣ በ2007 ፓትሪክ ኬንን ወስዶ ሦስት ዋንጫ አግኝቷል።

ከዚህ ተነሥቶ «በርትተን እንሸነፍና አንደኛውን ምርጫ እንውሰድ» የሚል ሰው የኤድመንተን ኦይለርስን ታሪክ ያንብብ። ኦይለርስ በ2010፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2015 አራት ጊዜ የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ ቴይለር ሆልን፣ ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ ናይል ያኩፖቭን እና ኮነር ማክዴቪድን መረጠ፤ ሆኖም እስከ 2016 ድረስ ለአሥር ተከታታይ ዓመታት ጥሎ ማለፉን አላየም። በዙሪያቸው የሚያስተምር ልምድ ያለው ተጫዋችም ሆነ አስተማማኝ ተከላካይ አልነበረም። የደካማ ቡድኖችን የምርጫ ተራ የሚወስነው ዕጣ ራሱም አያስተማምንም። በ2016-17 ኮሎራዶ አቫላንሽ 48 ነጥብ ብቻ አግኝቶ የሊጉ መጨረሻ ሆነ፤ በዕጣው ግን ወደ አራተኛ ተንሸራተተ። በአራተኛነት የመረጠው ኬል ማካር በ2022 ኮሎራዶ ዋንጫ ሲያነሣ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። መልማዮቹ ሥራቸውን ካወቁ አራተኛነት መከራ አይደለም።

ለእኔ የተሟላ አከርካሪ ምሳሌ የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ነው፦ ሴንተሩ አንዜ ኮፒታር በ2005 በ11ኛነት፣ ግብ ጠባቂው ጆናታን ክዊክ በዚያው ዓመት በ72ኛነት፣ ተከላካዩ ድሩ ዳውቲ በ2008 በ2ኛነት ተመረጡ። በ2012 ኪንግስ ከምዕራቡ ምድብ ስምንተኛ ሆኖ ጥሎ ማለፉን ተቀላቀለና 16 ጨዋታ አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በግብ ጠባቂ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ፓንተርስ ለሰርጌ ቦብሮቭስኪ የሰባት ዓመት የ70 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ በመጨረሻ ተክሶበታል፤ ቬጋስ ጎልደን ናይትስ ደግሞ በ2023 ዋንጫ ያነሣው በአንድ አራተኛ ዙር ምርጫ ከሳን ሆዜ ባመጣው አዲን ሂል ነው። የግብ ጠባቂ ብቃት ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ ገንዘብ እጥረት ካለ እኔ መጀመሪያ የምቆጥበው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ታዳጊውን ማብሰል

ዲትሮይት ከ1991 እስከ 2016 ለ25 ተከታታይ ውድድሮች ጥሎ ማለፍ ገብቷል። ይህ ከሞላ ጎደል የተሠራው በኋለኛ ምርጫዎች ነው፦ ኒክላስ ሊድስትሮም 53ኛ፣ ፓቬል ዳትሱክ 171ኛ፣ ሄንሪክ ዜተርበርግ 210ኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሌሎች ክለቦች አውሮፓን በቅጡ አይመለከቱም ነበር፤ ዛሬ ያ ክፍተት ተዘግቷል። ያልተለወጠው ትዕግሥቱ ነው፤ በ1998 የተመረጠው ዳትሱክ ለዲትሮይት መጫወት የጀመረው በ2001 ነው።

ችኮላ በሒሳብም ያስቀጣል። በ18 ዓመቱ የሚፈርም ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ ሦስት ዓመት ሲሆን ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። በዚያ ዕድሜ ከዘጠኝ ጨዋታ በላይ ካሰለፉት የውሉ አንደኛ ዓመት ተቆጠረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ታዳጊው ገና እየተደናበረ ሳለ ርካሹ ዘመን ያልፍበታል።

የታችኛው ቡድን ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንነቱ የሚዘራው እዚያ ነው። በ2012 የታምፓ ተጠሪ የነበረው ኖርፎክ አድሚራልስ በጆን ኩፐር አሰልጣኝነት 28 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የአሜሪካን ሆኪ ሊግን ዋንጫ ወሰደ። ከተጫዋቾቹ መካከል በ208ኛነት የተመረጠው ኦንድሬ ፓላትና በድራፍት ማንም ያልመረጠው ታይለር ጆንሰን ነበሩ። ኩፐር በ2013 ወደ ዋናው ቡድን ሲያድጉ የሚፈልጉትን የሚያውቁ ተጫዋቾች እዚያ ጠበቋቸው፤ አዲስ ቋንቋ ማስተማር አላስፈለጋቸውም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሒሳቡን መሥራት

በጣሪያው ላይ የሚቆጠረው የውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው፤ ስምንት ዓመት በ64 ሚሊዮን የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ 8 ሚሊዮን ይይዛል። እንግዲህ በ95.5 ሚሊዮን ጣሪያ እንሞክረው። ለሁለት ሴንተሮች 20፣ ለአንደኛው ተከላካይ 10፣ ለግብ ጠባቂ 8 ሚሊዮን ብንመድብ 38 ሚሊዮን ሄደ። ለቀሩት 19 ተጫዋቾች 57.5 ሚሊዮን ይተርፋል፤ በአማካይ ለእያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህ ምቹ ነው። ሁለት የክንፍ ኮከቦችን በ8 በ8 ሚሊዮን ብንጨምር ግን ለ17 ሰዎች 41.5 ሚሊዮን ብቻ ይቀራል፤ አማካዩ ወደ 2.4 ሚሊዮን ወረደ። በዚህ ገንዘብ ሦስተኛና አራተኛ መስመር መሙላት የሚቻለው በመጀመሪያ ውል ላይ ባሉ ወጣቶችና በዝቅተኛ ደመወዝ በሚስማሙ አንጋፋዎች ነው። የታዳጊ ማብሰያው ሥራ ፈት ከሆነ ሒሳቡ አይዘጋም።

ተጫዋቹ የመጀመሪያ ውሉን ሲጨርስ ወዲያው ነጻ አይሆንም። ሌላ ክለብ ውል ሊያቀርብለት ይችላል፤ የቀድሞ ክለቡ በሰባት ቀን ውስጥ ያንኑ ካልከፈለ የድራፍት ምርጫ ካሳ ተቀብሎ ይለቀዋል። በ2024 ክረምት ኤድመንተን ጣሪያውን ሞልቶ በተቀመጠበት ሰዓት ሴንት ሉዊስ ብሉስ ለፊሊፕ ብሮበርግና ለዲላን ሆሎዌይ በአንድ ቀን እንዲህ ያለ ውል አቀረበ፤ ኤድመንተን ሁለቱንም ለቀቀ። ሆሎዌይ በተከታዩ ዓመት 63 ነጥብ አስመዘገበ። ከጣሪያው በታች ትንሽ ባዶ ቦታ መተው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ሙሉ ነጻነት የሚመጣው በ27 ዓመት ወይም ከሰባት የውድድር ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ በሐምሌው ገበያ የሚሸጠው ተጫዋች ምርጥ ዓመታቱን በአብዛኛው ለሌላ ክለብ ሰጥቷል። ለሰባት ዓመት ያስፈረመው ክለብ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ሲከፍል የሚከፍለው ለትዝታ ነው። መውጫው ውሉን መግዛት ነው፤ ዕድሜው 26 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋች ከቀሪው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው በቀሪው ዘመን እጥፍ ተከፋፍሎ ይከፈላል። በዓመት 6 ሚሊዮን እየተከፈለው ሦስት ዓመት የቀረው ሰው ቢሰናበት፣ ክለቡ ለስድስት ዓመት በየዓመቱ 2 ሚሊዮን በሌለ ሰው ስም ይመዘገብበታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሦስተኛውን መስመር መሥራት

ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። በ2018-19 ታምፓ ቤይ 62 ጨዋታ አሸንፎ 128 ነጥብ ሰበሰበ፤ አጥቂው ኒኪታ ኩቼሮቭ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ኮለምበስ ብሉ ጃኬትስ 4 ለ 0 አሰናበተው። አብዛኛው ሰው አሰልጣኙ ይባረሩ፣ ኮከቦቹ ይሸጡ አለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጁሊያን ብሪዝብዋ ሁለቱንም አላደረጉም።

የኮለምበስ ተጫዋቾች የታምፓን ኮከቦች ከሰማያዊው መስመር ጀምሮ እየተጋፉ ፍጥነታቸውን ሲነጥቁ፣ ታምፓ ያንን የሚመልስበት ሁለተኛ ፊት አልነበረውም። ብሪዝብዋ በየካቲት 2020 ብሌክ ኮልማንን ከኒው ጀርሲ፣ ባርክሌይ ጉድሮውን ከሳን ሆዜ አመጡ፤ ለእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ከፈሉ። ለሦስተኛ መስመር ተጫዋች ይህን ያህል መክፈል በወቅቱ ያስቃል ተባለ። ነገር ግን ውላቸውን እንመልከት፦ ኮልማን በጣሪያው ላይ 1.8 ሚሊዮን፣ ጉድሮው 925 ሺህ ዶላር ብቻ ይዘው ነበር፤ ሁለቱም ከዚያ ዓመት በኋላ አንድ ተጨማሪ ዓመት ነበራቸው። ምርጫ የተከፈለው ለችሎታቸው ብቻ ሳይሆን ለርካሽነታቸውም ነው፤ ጣሪያው ለሞላበት ቡድን ርካሽነት ራሱ ዕቃ ነው።

በድራፍት ያልተመረጠው አጭሩ ያኒ ጉርድ በመካከላቸው ሴንተር ሆነ። ሦስቱ የተቃራኒን ምርጥ መስመር ያደክሙ፣ ቡድኑ በቅጣት ምክንያት በቁጥር ሲያንስ ይከላከሉ፣ ከዚያም አልፈው ግብ ያስቆጥሩ ነበር። በ2021 ፍጻሜ ከሞንትሪያል ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ፣ የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሰዓት ሊያልቅ ቅጽበት ሲቀረው ጉድሮው ፓኩን ይዞ ወጣ፤ ኮልማን የሚከታተለውን ተጫዋች ቀድሞ በአየር ላይ ተዘርግቶ በአንድ እጁ በያዘው ዱላ ፓኩን ከግብ ጠባቂው ከኬሪ ፕራይስ አሳልፎ አገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው ብሎ ሩጫውን ያላቆመ ሦስተኛ መስመር ማለት ይህ ነው። ታምፓ በ2020ም በ2021ም ዋንጫ ወሰደ።

ስለዚህ ይህን መስመር ለመሥራት የምከተለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቡድኑ ባለፈው ዓመት የተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ይታያሉ፤ የተሸነፈው እንዴት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እስኪቻል ድረስ መገበያየት አይጀመርም። ቀጥሎ ያንን የሚመልሱ ሦስት ሰዎች በተናጠል ሳይሆን እንደ ቡድን ይፈለጋሉ፤ ሦስቱ በእግር ፍጥነት የሚመጣጠኑ መሆን አለባቸው። በመጨረሻም ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ከአንድ ዓመት በላይ ውል ያላቸው እንዲሆኑ ይደረጋል፤ በየዓመቱ አዲስ መስመር ማስተዋወቅ አድካሚ ነውና።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሌላው የጣለውን ማንሳት

አጨዋወቱን የመረጠ ክለብ ሌሎች የማይታያቸው ይታየዋል። ፓንተርስ ተከላካዩን ጉስታቭ ፎርስሊንግን በጥር 2021 ያገኘው ካሮላይና ወደ ታችኛው ሊግ ሊያወርደው ለሁሉም ክለብ ባሳወቀ ጊዜ ያለ ምንም ልውውጥ ጠይቆ ነው። ካርተር ቨርሄጊን ያስፈረመው ታምፓ ውሉን ሳያድስለት ከቀረ በኋላ ነው። ሁለቱም የዋንጫው ቡድን ምሰሶ ሆኑ። በ2017 የተመሠረተው ቬጋስም ከነባር ክለቦች የተረፉትን ሰብስቦ በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ ደርሷል፤ በኮለምበስ በአንድ ዓመት 6 ግብ ብቻ የነበረው ዊሊያም ካርልሰን በቬጋስ የመጀመሪያ ዓመቱ 43 አስቆጠረ። ሰውየው በአንድ ክረምት አልተለወጠም፤ የተሰጠው የጨዋታ ጊዜና ቦታ ነው የተለወጠው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ አሰልጣኝና አምበል

አሰልጣኝ የሚመረጠው ከስብስቡ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ሴንት ሉዊስ በጥር 2019 መጀመሪያ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ነበር፤ በሰኔ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ሁሉ ለተተኪው አሰልጣኝ ክሬግ በሩቢና ከታች ለመጣው ግብ ጠባቂ ጆርዳን ቢኒንግተን መስጠት ይቀናል፤ ግን ራያን ኦራይሊን የመሰለ ሴንተር የመጣው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። በሩቢ ከባዱን ቡድን እንደ ከባድ ቡድን እንዲጫወት ፈቀዱለት።

አምበሉ ቆሻሻውን ሥራ የማይጠላ ምርጥ ተጫዋች ከሆነ ሌላው የሚያመልጥበት ሰበብ አይኖረውም። ቦስተን ብሩይንስ በ2006 ዝዴኖ ቻራን በነጻ ዝውውር አስፈርሞ ወዲያው አምበል አደረገው፤ ከጎኑ የቆመው ፓትሪስ በርዠሮን ለመከላከል ለሚተጋ አጥቂ የሚሰጠውን የሴልኪ ሽልማት ስድስት ጊዜ አግኝቷል። በፍሎሪዳም አምበሉ አሌክሳንደር ባርኮቭ ይህንኑ ሽልማት ሦስት ጊዜ የወሰደ ነው። እንዲህ ያለ አምበል ባለበት ቡድን ውስጥ አዲስ የመጣ ተጫዋች ወደ ኋላ ተመልሶ የማይከላከል ከሆነ አሰልጣኙ መናገር አያስፈልጋቸውም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ በመጋቢት መጨመር፣ በሐምሌ መሸኘት

ዝውውር ከመዘጋቱ በፊት የሚገባ ተጫዋች ክፍተት መሙላት እንጂ ቡድኑን መቀየር የለበትም። በመጋቢት 2025 ፓንተርስ የ36 ዓመቱን ብራድ ማርሻንድን ከቦስተን አመጣ፤ የዓመታት ጠላት የነበረውን ሰው። ያሰለፈውም ከአንቶን ሉንዴልና ከኤቱ ሉስታሪነን ጋር በሦስተኛው መስመር ነው። ማርሻንድ በፍጻሜው ብቻ ስድስት ግብ አስቆጠረ።

መሸኘት ግን ከማምጣት ይከብዳል። ታምፓ በ2021 ዋንጫውን ባነሣ በሳምንታት ውስጥ ያ ዝነኛ ሦስተኛ መስመር ሙሉ በሙሉ ተበተነ፦ ጉርድን አዲሱ ክለብ ሲያትል ክራከን አዲስ ክለብ ከነባሮቹ ተጫዋች በሚመርጥበት የማስፋፊያ ድራፍት ወሰደው፤ ጉድሮው ወደ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ፣ ኮልማን ወደ ካልጋሪ ሄዱ። ሦስቱንም ለማቆየት ከአከርካሪው አንዱን መሸጥ ያስፈልግ ነበር። ብሪዝብዋ ሦስቱን ለቀቁና በመጋቢት 2022 ብራንደን ሄግልን ከቺካጎ፣ ኒክ ፖልን ከኦታዋ አመጡ። ለሄግል ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተከፈለ፤ በጣሪያው ላይ የሚይዘው ግን 1.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ ያውም ለሁለት ተጨማሪ ዓመታት።

በግንቦት ታምፓ ቶሮንቶን በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 ሲያሰናብት ሁለቱንም ግብ ያስቆጠረው ኒክ ፖል ነበር። በዚያው ጨዋታ አንደኛው ሴንተር ብሬይደን ፖይንት ተጎድቶ ወጣ፤ በቀጣዩ ዙርም አንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈም። በዚያ ዙር የተገጠመው ቡድን ባለ 122 ነጥቡ ፍሎሪዳ ፓንተርስ ነበር።